ሸማ፥ ካባና ከረባት
(በ11ኛ ክፍል የታሪክ ክበብ አባላት የተዘጋጀ)

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዝግጅት በሚደረግበት ሰሞን አንድ ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ቃሉም በበዓሉ ዕለት ንግግር የሚያደርጉ፥ መዝሙር የሚያሰሙና እንግዳ የሚቀበሉ ተማሪዎች ሁሉ ወንዶቹ ሙሉ ልብስና ከረባት፥ ሴቶቹ ጥቁር ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እንዲገኙ የሚያዝዝ ነው። ክርክሩ የተነሣው ከዚያው ከሰሌዳው ሥር ነው። አንዳንዶቻችን «ያለ ወግ ልብስ ምን ክብረ በዓል አለ?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሙሉ ልብስ የሌለው ሰው መናገር አይችልምን?» ብለን መለስን። ከመካከላችን አንዱ፥ ስሙን እንዳንጽፍ ስለ ለመነን እንተወዋለን፥ የሚያሰማውን ንግግር በቃሉ አጥንቶ ከጨረሰ በኋላ ስሙን ከዝርዝሩ ሊያሰርዝ ወደ ቢሮ ሄደ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ዝም አለ እንጂ አልተናገረም፤ እኛ ግን እናውቀው ነበር።

የታሪክ መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ «ከምትጣሉ ብትመረምሩ ይሻላል፤ ይህ ጥያቄ ከእናንተ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ፈልጋችሁ ጻፉ» አሉን። እኛም እንደ ታዘዝነው አደረግን።

ፍለጋውን የጀመርነው ከአያቶቻችን ነው። ሸማ እንደሚታወቀው ቁልፍ የለውም፥ ኪስም የለውም፥ በመቀስም አልተቈረጠም። ነገር ግን እንደ እርሱ ብዙ የሚናገር ልብስ በመጻሕፍትም ሆነ በሰው አንደበት አላገኘንም። በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው በጌታው ወይም በዳኛ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በደረቱ ወይም በወገቡ ዙሪያ ይጠመጥመው ነበር፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። እኩያውን ሲያገኝ ትከሻውን ገለጥ አድርጎ እጅ ይነሣና መልሶ ይደርበዋል። ጌታው ራሱ ግን አፍና አፍንጫውን በሸማው ሸፍኖ ዓይኑን ብቻ አሳይቶ ይቀመጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን የደረሰበትም ጥለቱን ዘቅዝቆ ይለብሳል፤ እንዲህ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ ማን እንደ ሞተበት ሳያውቅ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ይለዋል። እንግዲህ ቋንቋችንን ከቶ የማያውቅ የውጭ ሰው ወደ አንድ አዳራሽ ቢገባ፥ ማን ጌታ ማን አሽከር እንደ ሆነ፥ ማን ደስ እንዳለው ማንስ እንዳዘነ፥ አንድ ቃል ሳይሰማ ሊለይ ይችል ነበር ማለት ነው።

የአንዱ ጓደኛችን አያት ይህን ሲያጫውቱን ከተቀመጡበት ተነሥተው ጋቢያቸውን እየፈቱና እየጠመጠሙ አሳዩን። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የማደግደጉን ሥርዓት ሲያሳዩን ግን ወገባቸው ጎንበስ አለ። «ለምን ጎነበሱ?» ብንላቸው «እኔ አልጎነበስሁም፤ ጋቢው ነው» አሉና ሳቁ። ዛሬ «አደግዳጊ» የምንለው አለቃውን በማሞገስ የሚኖረውን ሰው ነው፤ ልብሱ ከቢሮ ከወጣ በኋላ እንኳ ቃሉ ሳይወጣ መቅረቱን ልብ ይሏል።

ከሸማው በላይ ደግሞ የሹመት ልብስ ነበረ። የሐር ቀሚስ ማንም ገዝቶ እንደ ልቡ የሚለብሰው አልነበረም፤ ከንጉሥ ወይም ከአገር ገዥ እጅ የሚሸለም ነበር። ጀግና የሆነ እንደ ሆነ ለምድ ይለብሳል፥ የአንበሳ ጎፈርም በራሱ ላይ ይደፋል። ካባም በልዩ ልዩ ዓይነቱ የመኳንንትና የካህናት ነበረ። የተሸለመው ሰው ልብሱን ለብሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ደብዳቤ ማሳየት አያስፈልገውም። ሹመቱን ትከሻው ላይ ያዩታል፤ ይልቁንም ማንበብ በጥቂቶች ዘንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ እንላለን፤ አንባቢ ይታገሠናል። ይህን ሁሉ ክብር የሚሠራው ማን ነበር? ሸማኔው ነው። ጌታው ሲለብሰው የሚያስከብረው ጨርቅ ለሠራው ሰው የስድብ ምክንያት ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ በእግሩ እየረገጠ የሚሠራው ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፥ ብረት ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል። ሚኒስትሮቹ ለብሰውት የተሾሙበት ጥበብና ኩታ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ መሆኑን እኛ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ስናነብ ነው ያስተዋልነው።

ከዚህ በተቃራኒው የቆሙም ንጉሥ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉት በአለባበሳቸው ከወታደሮቻቸው ብዙም የማይለዩ ሰው ነበሩ። ያልተሸለመ ተራ ሸማ ደርበው ስለሚቀመጡ ንጉሡ የትኛው እንደ ሆኑ እንግዳው መጠየቅ ያስፈልገው ነበር። የክበባችን አባል የሆነች አንዲት ተማሪ ይህን ባነበብን ጊዜ «እንግዲያስ ልብስ ከንቱ ነው ማለት ነው» አለች። ሌላው ግን «ተራ ልብስ መልበስ የሚያምርበት ተራ ያልሆነ ሰው ነው፤ ድኻው ያንኑ ሸማ ቢለብስ ማን ትሑት ነህ ይለዋል?» ሲል መለሰላት። በዚህ ላይ እስከ ማታ ተከራክረናል። ለእኛ የሁለተኛው ቃል የበለጠ እውነት መስሎ ይታየናል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ እርሳቸውና ተከትለዋቸው የሄዱት መኳንንት በነጭ ልብስና በካባ ሆነው በየከተማው ታዩ። የአውሮፓ ሕዝብ ለመደነቅ በየመንገዱ ወጣ። ይህን የመሰለው መደነቅ ግን ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው ማክበር፥ ሁለተኛው እንደ ትርኢት መመልከት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላኩ ጊዜ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ሄዱ። ሲደርሱ የተቀበሏቸው የጃፓን ሹማምንት ግን በአውሮፓ ልብስ ነበሩ። የጃፓን መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ባወጣው ትእዛዝ ሹማምንቱ በክብረ በዓል ቀን የአውሮፓ ልብስ እንዲለብሱ ካደረገ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበርና። ሥልጣኔን ከጃፓን ሊማሩ የሄዱት ኢትዮጵያዊ በካባ፥ አስተማሪዎቹ በኮት መሆናቸው ለእኛ ለተማሪዎቹ ብዙ አሳሰበን። ኅሩይም ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ልባችንን የነካው ግን የጄኔቫው ነገር ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። አገራቸው ተወርራለች፥ ሠራዊታቸው ተበትኗል፥ ዋና ከተማቸውም በጠላት እጅ ነው። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት የመንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በአውሮፓ ልብስ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በካባ ቀረቡ፥ የተናገሩትም በአማርኛ ነው። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹም እንዲወጡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታው እስኪመለስ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ኮትና ከረባት አድርገው፥ በፈረንሳይኛ ቢናገሩ ኖሮ በአዳራሹ የነበረው ሰው ያለ አስተርጓሚ በቶሎ ይረዳቸው ነበር፤ ፈረንሳይኛውንም ያውቁት ነበር። ነገር ግን በዚያን ቀን ከኢትዮጵያ መንግሥት የቀረው አንድ ሰው፥ አንድ ቋንቋና አንድ ካባ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፎቶግራፉን የተመለከተ ሰው ማን እንደ ተበደለ አይጠይቅም። የማኅበሩ መልስ ምን እንደ ሆነ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ካባው ጦር አላመጣም።

ወደ ሌሎችም አገሮች ጥቂት እንመልከት። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ከአውሮፓ ጉብኝቱ በ1698 በተመለሰ ጊዜ የመኳንንቱን ጢም በመቀስ ቈረጠ፤ በ1705ም ጢሙን ማሳደግ በሚፈልግ ሰው ላይ ቀረጥ ጣለ፥ ለከፈለውም ምልክት የሚሆን ሳንቲም ይሰጠው ነበር። የቱርክ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሙስጠፋ ከማል በ1925 በኅዳር ወር በወጣው ሕግ ፌዝ የተባለው ቀይ ቆብ ቀርቶ ወንዶች ክፈፍ ያለው ባርኔጣ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተቃውሞ ተነሣ፥ በዚህም ምክንያት በሞት የተቀጡ ሰዎች ነበሩ። ስለ ባርኔጣ! ሆኖም ይህ ሕዝብ ሊሞትለት የወደደው ፌዝ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፥ በ1829፥ ሱልጣን ማሕሙድ ጥምጥሙን አስጥሎ በግድ ያመጣው የዚያ ጊዜ «ዘመናዊ» ልብስ ነበር። ማኅተመ ጋንዲ ግን በ1931 ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በቤተ መንግሥታቸው ሲገናኝ የሕንድን ድኻ ገበሬ ልብስ እንደ ለበሰ ገባ። ያንን ልብስ ማንም አላዘዘውም፤ መርጦት ነው። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቶች በዙ፥ ጸሐፊዎችም በዙ፤ ካኪ ልብስ፥ ካፖርት፥ ጥቁር ሱፍና ከረባት በየቢሮው ገቡ። ማደግደግ ቀረ። ነገር ግን ማደግደጉ የቀረው ከሸማው ላይ ነው፤ የኮቱን ቁልፍ እየቈለፈ ወደ አለቃው ቢሮ የሚገባውን ሰው አባቶቻችን ያውቁታል፥ እኛም አይተነዋል።

በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልብስ ትርኢት ሲቀርብ ተማሪዎች ተሰብስበው ተቃወሙ። ሕዝቡ በባዶ እግሩ እየሄደ የባሕር ማዶ ፋሽን ማሳየት ነውር ነው፥ የባህልም ባርነት ነው አሉ። ለማየት በመጡት ሰዎች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፥ ተማሪዎች ታሰሩ፥ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በክበባችን ያሉት ሴቶች ተማሪዎች በዚህ ታሪክ ላይ የሚሉት አላቸው፤ እኛም በጽሑፋችን እንዲገባ ተስማምተናል። ይኸውም እንቁላሉን የወረወሩት ወንዶች የለበሱት ሱሪና ጃኬት ከየት የመጣ ነበር? የሚል ነው። የአገር ባህል ጠባቂነት በሴቶች ቀሚስ ላይ ብቻ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፥ የመጨረሻውም አልሆነም። በእኛው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ እንኳ የጉርዱ ርዝመት ከጉልበት በታች ስንት ጣት እንደሚሆን ተጽፎ ነበር፤ ስለ ወንዶቹ ሱሪ ስፋት ግን አንድ ቃል የለም።

ከዚያ በኋላ ልብስ በፍጥነት ተለዋወጠ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ሥልጣኑን የያዙት የጦር ልብስ የለበሱ መኰንኖች ናቸው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ተሰማሩ። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ የሠራተኞች ፓርቲ ሲቋቋም የፓርቲው ሰዎች አንገቱ የተዘጋ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ። እኩልነት ነው ተባለ፤ ነገር ግን ያንን ልብስ ከሩቅ ያየ ሰው መንገድ ይለቅ ነበር ብለው ወላጆቻችን ይነግሩናል። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ፥ ቁምጣ የለበሱና ኮንጎ ጫማ የተጫሙ ታጋዮች አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ አፉን ይዞ ተመለከታቸው፤ መንግሥት እንዲህ ለብሶ ሲመጣ አይቶ አያውቅምና። ብዙም ሳይቆይ መሪዎቻቸው ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው በቴሌቪዥን ታዩ። ኮንጎው ለምን ወለቀ ብለን አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ቁምጣ የለበሰውን ያነጋገረ ገበሬ ሙሉ ልብስ የለበሰውን እንደ ድሮው ደፍሮ ያነጋግረዋልን? ብለን ጠይቀናል።

ስለ ሥራ ልብስ ብዙ አንልም፤ ነገሩ ግልጥ ነው። መምህሮቻችን ነጭ ጋውን የሚለብሱት ጠመኔ ልብሳቸውን እንዳያበላሽ ነው። ነርሷም ለንጽሕና ትለብሳለች፤ ታማሚው ደግሞ ማንን እንደሚጠራ በልብሷ ያውቃል። የትራፊክ ፖሊስ ያለ ደንብ ልብሱ መንገድ መካከል ቢቆም ማን ይቆምለታል? ዳኛም በችሎት ካባ ሲለብስ የእገሌ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኖ ይቀመጣል። እነዚህ ልብሶች ሥራውን ይረዳሉ። ችግሩ ያለው ለሥራው ምንም ሳይረዳ በር ብቻ በሚዘጋው ልብስ ዘንድ ነው።

በር ስለ መዝጋት ካነሣን ዘንድ፥ አስቀድመን ስሙን ያልጻፍነው ጓደኛችን ያየውን እንጻፍ። አባቱ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለልጃቸው ትምህርት የሚያስፈልግ አንድ ወረቀት ሊያስጽፉ ጋቢያቸውን ደርበው፥ በትራቸውን ይዘው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ዘበኛው በር ላይ «እንዲህ ሆነው አይገቡም» አላቸው። ከኋላቸው የመጣ ኮት የለበሰ ሰው ግን ሳይጠየቅ አለፈ። አባትየው ለክርክር አልቆሙም፤ ከጎረቤት ጃኬት ተውሰው በማግሥቱ ተመለሱና ገቡ። ወረቀቱም ተጻፈ። ጓደኛችንን ያሳዘነው መከልከሉ ብቻ አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ ማታ ካፖርቱን ሲያወልቅ ጋቢ የሚለብስ ሰው መሆኑ ነው። በልጅነታችን ግብዣ ላይ ወጡን ለካባው ያጎረሰው ሰው ተረት ተነግሮናል፤ ያን ጊዜ ሥቀን ነበር።

ይሁንና ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ደንብ ሁሉ ድኻን አይጎዳም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ባይኖር ከመካከላችን ማን ሀብታም ማን ድኻ እንደ ሆነ በየጠዋቱ በበሩ ላይ ይታወቅ ነበር። አንድ ሹራብ ብቻ ያላት ልጅ ማታ አጥባ ጠዋት እርጥቡን ለብሳ ብትመጣ ማንም አያውቅባትም፤ ካላወቀም አይሥቅባትም። ነገር ግን ያ አንድ ሹራብስ በምን ይገዛል? በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደል ሲጀምር የብዙ እናቶች የክረምት ጭንቀት ቀለለ። ስለዚህ ልብስ ያስፈልጋል አያስፈልግም ብሎ መከራከሩን ትተን፥ ያዘዘው ማን ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? ብለን መጠየቁን መረጥን።

ይህን ጽሑፍ ለኮሚቴው አነበብን። ሁሉም አልተደሰቱም። አንድ አባል «እንግዶች ምን ይሉናል?» አሉ፤ ይህም ጥያቄ ፌዝ አይደለም፥ ትምህርት ቤቱ ለበዓሉ ርዳታ የሚጠይቃቸው ሰዎች ይገኛሉና። ከብዙ ንግግር በኋላ ማስታወቂያው ተነሣ፤ በምትኩ ንጹሕ የደንብ ልብስ ወይም የአገር ልብስ ይበቃል የሚል ተለጠፈ። ስለ ጉርዱ የተጻፈው ግን እንዳለ ቀርቷል፤ ሴቶቹ ጓደኞቻችን ስለዚህ ሌላ ጽሑፍ እያዘጋጁ ነው።

ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በነበረው የወላጆች ስብሰባ የጓደኛችን አባት መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው ነበር። የታሪክ መምህራችን ሊቀበሏቸው ወደ በሩ ሲሄዱ አባትየው እንደ ድሮው ሥርዓት ጋቢውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ። መምህራችን ኮትና ከረባት ለብሰው ስለ ነበር በምን እንደሚመልሱ ለጊዜው ቸገራቸው፤ ከዚያም የኮታቸውን ቁልፍ ቈለፉና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ጓደኛችን በዚያው ሳምንት ስሙን ወደ ዝርዝሩ መልሶ አስገብቷል፤ ንግግሩ ከመዝሙሩ ቀጥሎ ነው።